አንድ የመሰለው ኮከብ፦ የወጣት ጥንድ ከዋክብትና የዲስኮቻቸው ታሪክ በታሕተ ቀይ ብርሃን



ለዚህ ንግግር የመረጥሁት ጉዳይ የአንድ ኮከብ ታሪክ ነው። ኮከቡ ቲ ታውሪ ይባላል። በአገራችን የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ሠውር ተብሎ በሚጠራው፣ በበሬ በተመሰለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ከእኛ የሚርቀውም 470 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ያለ መሣሪያ በዓይን ብቻ ሊታይ አይችልም። ይሁን እንጂ ስሙ ለአንድ ወገን ከዋክብት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። «የቲ ታውሪ ከዋክብት» ስንል መጠነ ቁሳቸው ከፀሐይ ጋር የሚቀራረብ፣ ዕድሜያቸው ግን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ከዋክብትን ማለታችን ነው። ፀሐያችን ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ፕላኔቶቿ ተሠርተው ሳያልቁ፣ ምን ትመስል እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ የሚመለከተው እነርሱን ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ለወገኑ ሁሉ አብነት የሆነው ይህ ኮከብ አንድ ኮከብ አልነበረም። ሳይንሱ ይህን የተረዳው ኮከቡ የተመራማሪዎችን ትኩረት ከሳበ ከ130 ዓመት በኋላ ነው፤ የተረዳውም በታሕተ ቀይ፣ በተለምዶ ኢንፍራሬድ በምንለው ብርሃን ነው። ከዚያ የተከተለው ሥራ ከአንድ ኮከብ ጉዳይ አልፎ፣ ፕላኔቶች በምን ዓይነት ስፍራ ሊወለዱ እንደሚችሉ ያለንን አስተሳሰብ ለውጦታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የአንድ ሰው ሁለት ግኝቶች

ታሪኩን ከዊልያም ኸርሼል እጀምራለሁ። ኸርሼል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ በየቀለማቱ ላይ ቴርሞሜትር እያስቀመጠ ሙቀታቸውን ይለካ ነበር። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም ብርሃን በማያይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር በቀለማቱ ላይ ካሉት ይልቅ ከፍ ያለ ሙቀት አሳየ። ዓይን የማያየው ብርሃን እንዳለ የታወቀው በዚህ ነው።

ይኸው ሰው ለብዙ ዓመታት በሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩ ከዋክብትን ሲመዘግብ ኖሯል። ዓላማው የከዋክብትን ርቀት መለካት ነበር፤ መሬት ፀሐይን ስትዞር ቅርቡ ኮከብ ከሩቁ አንጻር ጥቂት ሲወዛወዝ አያለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1803 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከእነዚህ ከዋክብት አንዳንዶቹ በአጋጣሚ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ሳይሆኑ፣ በስበት ተሳስረው አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞሩ ጥንዶች መሆናቸውን አሳየ።

ሁለቱ ግኝቶች፣ ማለትም የማይታየው ብርሃንና ጥንድ ከዋክብት፣ የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ቢሆኑም በወጣት ከዋክብት ጥናት ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ 180 ዓመት ያህል ጠበቁ። የጥንድ ከዋክብት ጥናት በዓይንና በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ተመሥርቶ አደገ። የታሕተ ቀይ መለኪያ ግን ፀሐይን ለመለካት የሚበቃ እንጂ ደብዛዛ ኮከብን ለመለካት የሚያስችል አልነበረም።

የጠፋው ደመናና ያልታየው ጓደኛ

በ1852 እንግሊዛዊው ጆን ራስል ሃይንድ ለንደን ከሚገኝ የግል የከዋክብት መመልከቻ ሆኖ ሠውርን ሲመረምር፣ በአንድ ኮከብ አጠገብ ትንሽ ብሩህ ደመና አየ። ኮከቡ ብርሃኑን የሚለዋውጥ መሆኑንም አስተዋለ። ይህ ኮከብ ቲ ታውሪ ነው። በ1861 ሃይንሪክ ዳሬስት ያንኑ ደመና ፈልጎ አጣው። የሰማይ ደመና እንዴት በዘጠኝ ዓመት ይጠፋል? ነገሩ የዘመኑን ተመራማሪዎች በእጅጉ አነጋገረ። ዛሬ እንደምናውቀው ደመናው የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚያበራው የኮከቡን ብርሃን እየመለሰ ነው። በኮከቡና በደመናው መካከል ያለው አቧራ ሲንቀሳቀስ ጥላው በደመናው ላይ ያልፋል፤ ደመናው ይደበዝዛል፣ ተመልሶም ይበራል።

በ1890 ደግሞ ሸርበርን ዌስሊ በርናም በካሊፎርኒያ ሊክ ኦብዘርቫቶሪ፣ 91 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የሌንስ ቴሌስኮፕ ያንኑ ኮከብ ተመለከተ። መሣሪያው በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የሌንስ ቴሌስኮፕ ነበር። በርናም ደግሞ ጥንድ ከዋክብትን በመለየት ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰው ነው፤ በ1906 ያወጣው ዝርዝር ከ13,000 በላይ ጥንዶችን የያዘ ነበር። በቲ ታውሪ ዙሪያ ኮከቡን አቅፎ የያዘ ትንሽ ደመና አየ፤ መዘገበው፤ ደመናውም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጓደኛ ኮከብ ግን አላየም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዘመኑ ከነበሩት ዓይኖች ሁሉ የሠለጠነው ዓይን፣ በዘመኑ ትልቁን መሣሪያ ይዞ፣ ከትክክለኛው ስፍራ ላይ አነጣጥሮ ሳለ የሚፈልገውን ዓይነት ነገር አላገኘም። ትጋትም ችሎታም አልጎደለውም። ጓደኛው ኮከብ በሚታይ ብርሃን እስከ ዛሬ ድረስ፣ በጠፈር ላይ በሚገኘው በሃብል ቴሌስኮፕ እንኳ፣ አልታየም። በርናም የተመለከተበት ብርሃን ያን ኮከብ የሚያሳይ ብርሃን አልነበረም።

አብነቱ እንዴት አብነት ሆነ

በ1945 በማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ጆይ 11 ተለዋዋጭ ከዋክብትን በአንድ ወገን መደባቸው። ሁሉም ብርሃናቸው ያለ ሥርዓት የሚለዋወጥ፣ በጨለማ የአቧራ ደመናዎች አጠገብ የሚገኙና በኅብረ ብርሃናቸው ውስጥ ደማቅ መስመሮች የሚታዩባቸው ነበሩ። ለወገኑም የቲ ታውሪን ስም ሰጠው። ጆይ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከጆርጅ ቫን ቢስብሩክ ጋር ባወጣው አጭር ጽሑፍ በእነዚሁ ከዋክብት መካከል አምስት አዳዲስ ጥንዶች መገኘታቸውን ገልጾ ነበር። ፍንጩ እንግዲህ ከመነሻው ነበረ። ነገር ግን ጥንድነት የወገኑ መለያ ሆኖ አልተቆጠረም።

እነዚህ ከዋክብት ወጣት መሆናቸውን በ1940ዎቹ መጨረሻ በግልጽ የተከራከረው አርመናዊው ቪክቶር አምባርትሱሚያን ነው። ማስረጃው የስበት ስሌት ነበር። ከዋክብቱ በላላ ስብስብ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ እንዲህ የላላ ስብስብ ደግሞ ለረጅም ዘመን አብሮ ሊኖር አይችልም፤ ይበተናል። ገና አለመበተኑ ከዋክብቱ በቅርብ የተወለዱ ለመሆናቸው ምስክር ነው። በዚህ ክርክር ቲ ታውሪ ከተለዋዋጭ ኮከብነት ወደ ሕፃን ፀሐይነት ተሸጋገረ።

ይህ ሽግግር አንድ አሮጌ ሐሳብ ቀሰቀሰ። በ1755 ካንት፣ በ1796 ደግሞ ላፕላስ፣ ፕላኔቶች በሕፃኗ ፀሐይ ዙሪያ ከሚሽከረከር ዝርግ የጋዝ ደመና ተሠርተዋል ብለው ጽፈው ነበር። ዝርጉን ደመና ዛሬ ዲስክ እንለዋለን፤ ቅርጹን በዓይነ ሕሊናው ለማየት የሚፈልግ ሰው ሰፌድ ያስብ። በሐሳቡ ውስጥ ከሰፌዱ መካከል የምትቀመጠው ፀሐይ ብቸኛ ናት። እኛ በአንዲት ፀሐይ ዙሪያ ስለምንኖር ይህ ብቸኝነት ማስረጃ እንዲቀርብለት ማንም አልጠየቀም።

ሙቀትን ማየት

በ1961 ፍራንክ ሎው በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ የጀርማኒየም መለኪያ ሠራ። መለኪያውን ማቀዝቀዝ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት ላይ ያለ ማንኛውም ነገር፣ ቴሌስኮፑም ሰውየውም ጭምር፣ በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ በሚገኝ የሞገድ ርዝመት ያበራል። ያልቀዘቀዘ መለኪያ በእሳት መካከል ቆሞ የሻማ ብርሃን ለመለካት እንደሚሞክር ሰው ነው። ጌሪ ኑገባወርና ሮበርት ሌይተን ደግሞ በ2.2 ማይክሮሜትር ሰማይን አስሰው በ1969 ባወጡት ዝርዝር ከ5,600 በላይ የብርሃን ምንጮችን መዘገቡ።

በመካከሉ፣ በ1966፣ ሜክሲኳዊው ኤውሄኒዮ ሜንዶሳ የቲ ታውሪ ከዋክብትን በታሕተ ቀይ ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። ከዋክብቱ በገጻቸው ሙቀት መጠን ሊሰጡ ከሚገባቸው እጅግ የበለጠ ታሕተ ቀይ ብርሃን ይሰጡ ነበር። ይህ ትርፍ ብርሃን ከየት መጣ? የኮከቡ ገጽ 4,000 ኬልቪን ያህል ሲሆን ብርሃኑ የሚበረታው ከቀዩ ቀለም ጠርዝ አካባቢ ነው። 1,000 ወይም 300 ኬልቪን ሙቀት ያለው አቧራ ግን የሚያበራው በታሕተ ቀይ ነው። ስለዚህ ትርፉ በኮከቡ ዙሪያ የሞቀ አቧራ እንዳለ ይናገራል። በ1974 ዶናልድ ሊንደን ቤልና ጂም ፕሪንግል ነገሩን ጋዝ ወደ ኮከቡ በሚያወርድ ዲስክ አብራሩት። የካንትና የላፕላስ ሰፌድ መለኪያ ያገኘ መሰለ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉት የምፈልገው ነገር አለ። በዚያ ዘመን የተለካው የዲስክ ምስል አልነበረም። የተለካው ከአንድ የሰማይ ነጥብ በየሞገድ ርዝመቱ የሚመጣ የብርሃን ድምር ነበር። ድምሩ ከአንድ ኮከብና ከአንድ ዲስክ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ በመለኪያው ላይ የታከለ ግምት ነው። በ1983 የተመጠቀችው አይራስ የተባለች ሳተላይት ሰማይን በሙሉ ለማለት በሚያስችል ስፋት ስታስስም ይኸው ችግር አልተፈታም። አይራስ ደብዛዛውን ሙቀት ለመለካት እጅግ የበቃች ነበረች፤ በሰማይ ላይ ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነገሮችን ለመለየት ግን የማትችል በመሆኗ ጥንዶችን እንደ አንድ ትቆጥር ነበር።

የ1982 ግኝት

ጥንዱን የለየው ሥራ የተከናወነው በሃዋይ፣ በማውና ኬያ ተራራ ጫፍ ነው። ተራራው 4,200 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ደጀን ጥቂት ዝቅ ይላል። የአየር የውኃ ተን ታሕተ ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ለዚህ ሙያ ከፍታና ደረቅ አየር እጅግ ያስፈልጋሉ። በ1979 በዚያ ጫፍ ላይ ለታሕተ ቀይ ምርምር የተሠራ፣ 3 ሜትር ስፋት ያለው የናሳ ቴሌስኮፕ ሥራ ጀመረ።

ቴሌስኮፑ በ2.2 ማይክሮሜትር ከ0.2 አርክ ሰከንድ ያነሰ ርቀት ለመለየት በመርህ ደረጃ ይችላል። አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። አየር ግን የኮከቡን ምስል እያንቀጠቀጠ ወደ አንድ አርክ ሰከንድ ያሰፋዋል፤ በሚፈስ ውኃ ሥር ያለ ሳንቲም ቅርጹ እንደሚደፈርሰው ማለት ነው። ስፔክል ኢንተርፌሮሜትሪ የሚባለው ዘዴ ይህን መሰናክል የሚያልፈው እንዲህ ነው። በሰከንድ ክፍልፋይ የተነሣ ምስል ውኃው ለቅጽበት ቆሞ እንደታየ ይሆናል፤ ምስሉ በብዙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይሰበራል። ኮከቡ ጥንድ ከሆነ እያንዳንዱ ነጠብጣብ፣ በተመሳሳይ ርቀትና በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ ሌላ ነጠብጣብ ይኖረዋል። በብዙ ምስሎች ላይ ይህን ድግግሞሽ በስሌት ማውጣት ይቻላል።

ሜልቪን ዳይክ፣ ቴዎዶር ሳይመንና ቤንጃሚን ዙከርማን በ1982 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ቲ ታውሪ በስተደቡቡ የታሕተ ቀይ ጓደኛ እንዳለው አስታወቁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 0.6 አርክ ሰከንድ ያህል ነበር። በቲ ታውሪ ርቀት ላይ ይህ በመሬትና በፀሐይ መካከል ያለውን ርቀት 100 ጊዜ ያህል የሚሆን ነው። ይህን የመሬትና የፀሐይ ርቀት ከእንግዲህ «የፈለክ አሃድ» እለዋለሁ። ኸርሼል በሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ላይ ትቷቸው ያለፉት ግኝቶች በዚህ ጽሑፍ ተገናኙ።

ጓደኛው ምን እንደሆነ ወዲያው አልታወቀም። በመሠራት ላይ ያለ ግዙፍ ፕላኔት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። የኋላ መለኪያዎች ሐሳቡን ውድቅ አደረጉት። ከሥርዓቱ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው ከደቡቡ አካል የሚነሣ ሆኖ ተገኘ፤ በታሕተ ቀይም ወደ ረጅሞቹ የሞገድ ርዝመቶች በተሄደ ቁጥር የደቡቡ ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ ለዓመታት «የቲ ታውሪ ትርፍ ብርሃን» እየተባለ ለአንድ ኮከብ ዲስክ የተሰጠው ድምር፣ ከፊሉ የሌላ ኮከብ ነበር። አብነቱ የተለካበት ቁጥር የሁለት ሰዎችን ክብደት በአንድ ሚዛን መዝኖ በአንዱ ስም እንደመጻፍ ነበር።

ቆጠራው

ቀጣዩ ጥያቄ ቲ ታውሪ ልዩ አጋጣሚ ነው ወይስ የብዙዎች ምሳሌ የሚለው ነበር። ለዚህ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱንም በ1991 አንትዋን ዱኬኑዋና ሚሼል ማዮር አቀረቡ። በፀሐይ አካባቢ ያሉ፣ ፀሐይን የመሰሉ 164 ጎልማሳ ከዋክብትን አጥንተው ከግማሽ የሚበልጡት ጓደኛ እንዳላቸው ገመቱ።

በ1993 የወጣት ከዋክብት ቆጠራ ከሁለት ቡድኖች ወጣ። ክሪስቶፍ ላይነርትና ባልደረቦቹ በስፔን ካላር አልቶ ተራራ በሠሩት ሥራ በሠውር አካባቢ ከሚገኙ 104 ወጣት ከዋክብት 44ቱ ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። አንድሪያ ጌዝ ከጌሪ ኑገባወርና ከኪት ማቲውስ ጋር በፓሎማር 5 ሜትር ቴሌስኮፕ 69 ወጣት ከዋክብትን መርምራ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰች። በተመረመረው የርቀት ክልል ውስጥ በሠውር ያሉ ወጣት ከዋክብት ጓደኛ የሚኖራቸው ከጎልማሶቹ ይልቅ በብዛት ነው፤ በላይነርት ቆጠራ ሁለት እጥፍ ያህል። ጌዝ በ2020 የኖቤል ሽልማት የተካፈለችው በፍኖተ ሐሊባችን እምብርት ስላለው ግዙፍ ጥቁር አካል ባደረገችው ጥናት ነው፤ የጥናቱ መነሻ ዘዴ ግን ይኸው በወጣት ጥንዶች ላይ የተለማመደችው ነጠብጣብን የማንበብ ጥበብ ነበር።

ሦስተኛ መንገድም ነበር። ጨረቃ በጉዞዋ በሠውር በኩል ታልፋለች። የጨረቃ ጠርዝ ጥንድ ኮከብን ሲጋርድ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ መጀመሪያ የአንዱ፣ ከቅጽበት በኋላ የሌላው ይጠፋል። በሺኛ ሰከንድ የሚለካ ፈጣን የታሕተ ቀይ መለኪያ ይህን ሁለት ደረጃ ይለየዋል። ማይክል ሳይመንና ባልደረቦቹ በዚህ ዘዴ ስፔክል ሊለያቸው ያልቻሉ እጅግ የተቀራረቡ ጥንዶችን አገኙ።

የእነዚህ ቆጠራዎች ትርጉም ከባድ ነው። አብዛኞቹ ከዋክብት በጥንድ የሚወለዱ ከሆነ፣ የካንትና የላፕላስ ብቸኛ ፀሐይ ተራ ሳትሆን ከጥቂቶቹ ወገን ናት። ቀሪዎቹ እንዴት ይሆናሉ? በአንድ ሰፌድ መካከል ሁለት ፀሐዮች ሲቀመጡ ሰፌዱ ይተርፋል?

የዲስኮቹ ዕጣ

በ1990 ስቲቨን ቤክዊዝና ባልደረቦቹ በሠውርና በአጎራባቹ ደመና 86 ወጣት ከዋክብትን በ1.3 ሚሊ ሜትር ለክተው ከ42 ከመቶው የአቧራ ዲስክ ምልክት አገኙ። ታሕተ ቀይ ወደ ኮከቡ የቀረበውን ትኩስ አቧራ ሲያሳይ፣ ሚሊ ሜትር ደግሞ ሩቁንና ቀዝቃዛውን አቧራ ይመዝናል። ሁለቱ መለኪያዎች ሲጣመሩ ዲስኩ ከውስጥም ከውጭም ይታወቃል። ኤሪክ ጄንሰን፣ ሮበርት ማቲዩና ጋሪ ፉለር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥንዶችን ለይተው ሲመዝኑ፣ ከ1 እስከ 100 የፈለክ አሃድ ተለያይተው የሚኖሩ ጥንዶች ከሌሎቹ ያነሰ አቧራ እንዳላቸው አሳዩ።

ምክንያቱን በ1994 ፓቬል አርቲሞቪችና ስቲቨን ሉቦው በስሌት ገለጹት። ሁለቱ ከዋክብት በስበታቸው ዲስኩን ይቆርጡታል። በእያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያ የሚተርፈው ትንሽ ዲስክ ከጥንዱ ርቀት ሢሶ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ብቻ ይኖረዋል። ሁለቱንም በጋራ የሚከብ ትልቅ ዲስክ ካለ ደግሞ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ከጥንዱ ርቀት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በመካከሉ ምንም ነገር ረግቶ መኖር አይችልም።

ስሌቱን የሚያረጋግጡ ሁለት ምስሎችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው ጂጂ ታውሪ የሚባለው ሥርዓት ነው። በዚያው በ1994 አን ዱትሬና ባልደረቦቿ በሚሊ ሜትር ሞገድ ጥንዱን የሚከብ የጋዝና የአቧራ ቀለበት አገኙ። በ1996 ደግሞ የሮዲየር ቡድን የአየርን መንቀጥቀጥ በሚያርም ተለዋዋጭ መስታወት ቀለበቱን በታሕተ ቀይ ፎቶግራፍ አነሣው። ጥቅጥቁ ቀለበት ከከዋክብቱ ከ180 እስከ 260 የፈለክ አሃድ ርቆ ይገኛል፤ ጥንዱ ግን 35 ያህል ብቻ ተራርቀው ይታያሉ። ባዶው ስሌቱ ከሚለው የበለጠ ሰፊ መሆኑ ሌላ ክርክር አስነሣ፤ ምናልባት የጥንዱ ምሕዋር ከቀለበቱ ጠለል ያዘነበለና ከሚመስለው የሰፋ ሊሆን እንደሚችል ተጠቆመ። ሁለተኛው ምስል በ1998 ሉዊስ ሮድሪጌዝና ባልደረቦቹ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ያገኙት ነው። ኤል 1551 በተባለው ደመና ውስጥ፣ አስቀድሞ በታሕተ ቀይ በተገኘ ሕፃን ሥርዓት፣ 45 የፈለክ አሃድ የተራራቁ ሁለት ከዋክብት እያንዳንዳቸው 10 የፈለክ አሃድ ያህል ስፋት ያላቸው የየራሳቸው ትንንሽ ዲስኮች አሏቸው። ዲስኮቹ በትክክል የተቆረጡ ናቸው፤ አልጠፉም።

በጂጂ ታውሪ ላይ ደግሞ በ2014 በአልማ ቴሌስኮፕ የተደረገ ምልከታ ጋዝ ከውጭው ቀለበት ባዶውን አቋርጦ ወደ ውስጠኛው ዲስክ ሲወርድ አሳየ። የተቆረጠው ትንሽ ዲስክ ከትልቁ ይመገባል ማለት ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ትንሹ ዲስክ ፕላኔት ሳይሠራ ቶሎ ያልቅ ነበር።

ጥንዱ ሦስት ሆነ

አሁን ወደ ቲ ታውሪ ልመለስ። በ2000 ክሪስ ኮሬስኮ በሃዋይ ከሚገኙት 10 ሜትር ስፋት ካላቸው የኬክ ቴሌስኮፖች በአንዱ ባደረገው የስፔክል ምልከታ የደቡቡ ጓደኛ ራሱ ጥንድ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት 0.05 አርክ ሰከንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የተደረገው ክትትል አንዱ በሌላው ዙሪያ በ27 ዓመት ያህል እንደሚዞር አሳይቷል። ምሕዋር ሲታወቅ መጠነ ቁስ ይመዘናል፤ ሲመዘንም ከሁለቱ ትልቁ ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ። በርናም ያላየው፣ ፕላኔት ይሆን ተብሎ የተጠረጠረው አካል፣ ከሚታየው ቲ ታውሪ ጋር የሚመጣጠን ኮከብ ነው። የተሸሸገውም ደብዛዛ ስለሆነ ሳይሆን፣ የራሱ ዲስክ በጠርዙ ወደ እኛ ዞሮ ስለጋረደው ነው። የሰሜኑ ኮከብ ዲስክ ግን ገጹን ወደ እኛ ያዞረ ስለሆነ ኮከቡ ይታያል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ በበር፣ ሌላው ከመጋረጃ ጀርባ እንደቆሙ ማለት ነው። ለመቶ ሠላሳ ዓመት የተመለከትነው በበሩ የቆመውን ብቻ ነበር።

የጂጂ ታውሪ ነገርም እንዲሁ ሆነ። በ2014 በቺሊ የሚገኙትን ትልልቅ ቴሌስኮፖች በማጣመር በተደረገ የታሕተ ቀይ ምልከታ ከጥንዱ አንዱ ራሱ ሁለት እንደሆነ ታወቀ። መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር «አንድ» የምንለው ቁጥር እያነሰ መጥቷል።

በፕላኔቶች ላይ ያለው ፍርድ

ከዚህ ሁሉ ስለ ፕላኔቶች ምን እንማራለን? በ2012 አዳም ክራውስና ባልደረቦቹ በሠውርና በአጎራባቹ ደመና ያሉ ወጣት ከዋክብትን ከነጥንድነታቸው ለይተው ሲመረምሩ፣ 40 የፈለክ አሃድና ከዚያ በታች ከተራራቁት ጥንዶች ሁለት ሦስተኛው ያህል ዲስካቸውን በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደሚያጡ ደመደሙ። ብቸኛ ከዋክብትና እጅግ የተራራቁ ጥንዶች ግን በአብዛኛው ዲስካቸውን ሁለትና ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያቆያሉ። ለግዙፍ ፕላኔት መሠራት ይህ የጊዜ ልዩነት የመሆንና ያለመሆን ጉዳይ ነው። በ2016 ይኸው ቡድን የኬፕለር መንኮራኩር ያገኛቸውን ፕላኔቶች ባለቤቶች መርምሮ፣ ከ47 የፈለክ አሃድ ባነሰ ርቀት ላይ ጓደኛ ያለው ኮከብ ፕላኔት የማግኘት ዕድሉ ከሌሎቹ አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑን አሳየ። ከወጣት ዲስኮች የተነበየው ኪሳራ በጎልማሶቹ ከዋክብት ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ሆኖም ፍርዱ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። ጋማ ሴፌይ የተባለው ኮከብ 20 የፈለክ አሃድ ያህል ርቆ የሚዞር ጓደኛ እያለው ግዙፍ ፕላኔት እንዳለው በ2003 ተረጋግጧል። በ2011 ደግሞ ኬፕለር 16 በተባለው ሥርዓት የሳተርንን ያህል ስፋት ያለው ፕላኔት ሁለት ፀሐዮችን በአንድነት በ229 ቀን ሲዞር ተገኘ። ጥንድነት ዲስክን ይጎዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይገድለውም። በምን ሁኔታ እንደሚተርፍ መወሰን ለመጪው ትውልድ የተተወ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ ቃል ልጨምር። ቲ ታውሪ አብነት የሆነው ከወገኑ ሁሉ ይልቅ ወገኑን ስለሚወክል አልነበረም፤ ቀድሞ ስለታየና ብሩህ ስለነበረ ነው። ዛሬ ስንመለከተው ሦስት ከዋክብት፣ በተለያየ ጠለል የተቀመጡ ዲስኮች፣ እርስ በርስ የተጠላለፈ ጋዝ ያለበት፣ ከማናቸውም የተወሳሰበ ሥርዓት ነው። በየሙያችሁ አብነት ተብሎ የሚሰጣችሁን ነገር ስትቀበሉ፣ የተመረጠው ስለሚወክል ነው ወይስ ስለታየ ብለው ለሚጠይቁ ሁለት ጥያቄዎች ጊዜ ስጡ፤ የተለካው ድምር ነው ወይስ አንድ ነገር ብላችሁም መርምሩ። በርናም ስሕተት አልሠራም፤ ያየውን በታማኝነት ጻፈ። የጎደለው ብርሃን በሌላ ሰው፣ በሌላ መሣሪያ፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ ተሞላ። ሳይንስ እንዲህ ባለ ቅብብል የሚሠራ በመሆኑ፣ በታማኝነት የተመዘገበ ምልከታ ሁሉ፣ ያላየውን ነገር ጭምር ለሚያይ ተተኪ ቦታ ያዘጋጃል።